ስም ኳስ አይጫወትም

እንግሊዝ ፈርዲናንድን፣ ቴሪን፣ አሽሊ ኮልን፣ ቤካምን፣ ስኮልስን፣ ጄራርድን፣ ላምፓርድንና ሩኒን በአንድ ዘመን አፍርታ ምን አተረፈች? በ2002፣ በ2004 እና በ2006 (እ.ኤ.አ.) ሦስቴ ከሩብ ፍጻሜ ተመለሰች። በኅዳር 2007 ደግሞ በገዛ ሜዳዋ በዌምብሌይ በክሮሺያ 3 ለ 2 ተሸንፋ ከ2008ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ጭራሽ ቀረች።

የተለመደው መልስ «በክለብ ተከፋፍለው ነው» የሚል ነው። ሪዮ ፈርዲናንድም የክለብ ፉክክሩ ብሔራዊ ቡድኑን እንደጎዳው በይፋ ተናግሯል። ሐሰት ነው አልልም። ግን ምክንያቱ እሱ ብቻ ከሆነ ስፔን እንዴት አሸነፈች? በ2011 ሪያል ማድሪድና ባርሴሎና በ18 ቀን ውስጥ 4 ጊዜ ተጋጥመው፣ ጨዋታው ወደ ጠብ ተቀይሮ ነበር። የእነዚያው ክለቦች ልጆች ግን በዓመቱ አብረው የአውሮፓን ዋንጫ አነሱ። ካሲያስ ስልክ አንስቶ ዣቪ ጋ ደወለ፤ ቂሙ እዚያው ቀረ።

ስለዚህ ወዳጆቼ፣ ጥፋቱን ከተጫዋቾቹ ልብ ውስጥ አንፈልግ። ጥፋቱ ያለው አሰላለፉ ላይ ነው። ኤሪክሰን ማንንም ማስቀየም አልፈለገም። ጄራርድም ላምፓርድም ወደፊት መሄድ የሚወዱ አማካዮች ነበሩ፤ ሁለቱንም መሐል አሰለፈ። ለስኮልስ ቦታ ሲጠፋ፣ የመሐል ሜዳውን ሊቅ ወደ ግራ መስመር ገፋው። ስኮልስ በ2004 በ29 ዓመቱ ብሔራዊ ቡድኑን ተሰናበተ። በ2006 ከፖርቱጋል ጋር እንግሊዝ በ10 ሰው ስትቀር መሐሉን ይዞ የቆመው፣ ብዙ ደጋፊ «ለምን ተመረጠ?» ያለው ሃርግሪቭስ ነበር። በመለያ ምቱም ላምፓርድ፣ ጄራርድና ካራገር ሲስቱ ያገባው እሱ ብቻ ነው።

አራጎኔስን ተመልከቱ። ራውል የስፔን አምበል ነበር፤ በዚያን ጊዜ በ44 ጎል የብሔራዊ ቡድኑ የምንጊዜም ከፍተኛ ግብ አግቢም ነበር። አሰልጣኙ ተወው። ጋዜጣው ጮኸ፣ ደጋፊው ተሳደበ፤ ሽማግሌው ግን ንቅንቅ አላለም። በ2008 ዋንጫው ማድሪድ ገባ።

ልዩነቱ ይኸው ነው። አንዱ የስም ዝርዝር ሞላ፤ ሌላው ቡድን ሠራ። ቡድን መሥራት ማለት ደግሞ ጎበዙን ሰው «አንተ ዛሬ ተቀመጥ» የማለት ድፍረት ነው።

እኛም ዋልያዎቹ በተሸነፉ ቁጥር «ለማሊያው ፍቅር የላቸውም» እያልን ልጆቹን እንወቅሳለን። እስቲ በሚቀጥለው ሽንፈት ጥያቄያችንን እንቀይር። ማን የማን ሥራ ተሰጠው? ማን በስሙ ብቻ ተሰለፈ? ይህን ወስኖ ኃላፊነቱን የሚወስደውስ ማን ነው? ፍቅርን ከተጫዋች ከመጠየቃችን በፊት ውሳኔን ከአሰልጣኝ እንጠይቅ።