የአሮጌው ቺፕ ፊት አይፋቅ

በላስ ቬጋስና በአካባቢው የምትኖሩ ወገኖቻችን ይህን ጉዳይ ከእኔ ይልቅ በቅርብ ታውቁታላችሁ። ለሌሎቻችሁ ግን ከመሠረቱ መጀመር ይገባል። የፖከር ቺፕ ማለት በካርታ ጨዋታ በገንዘብ ፈንታ የሚቆጠር፣ ወርዱ 39 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ ክብ ቁራጭ ነው። አሮጌ ቺፖችን እንደ ቴምብርና እንደ ሳንቲም የሚሰበስቡ ሰዎች በአሜሪካ ብዙ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 የራሳቸውን ማኅበር እስከ መመሥረት ደርሰዋል።

«የቁማር ዕቃ መሰብሰብ ለምእመን ይገባልን?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። የሐዋርያት ቀኖና ቁማርተኛነትን ለካህንም ለምእመንም አልፈቀደም፤ እኔም ለቁማር ጠበቃ አልቆምም። ነገር ግን ቤቱ ከፈረሰ በኋላ በመሳቢያ ውስጥ የቀረ ቁራጭ ማንንም አያከስርም። የዛሬው ክርክሬ ከሰብሳቢዎቹ ጋር ነው።

«የሸክላ ቺፕ» ይባል እንጂ እንደ ጀበና በእሳት የተተኰሰ አይደለም። ሸክላው ከሌሎች ማዕድናትና ከማጣበቂያ ጋር ተደባልቆ በቅርጽ ማውጫ ውስጥ በሙቀትና በከባድ ግፊት ይታመቃል። በጠርዙ ላይ የሚታየው ባለ ልዩ ልዩ ቀለም ምልክትም የተቀባ አይደለም፤ የቺፑ አካል ተቆርጦ በቦታው ሌላ ቀለም ያለው ቁራጭ ገብቶ አብሮ የታመቀ ነው። መካከሉ ላይ ወይ በጋለ ማኅተም ወርቃማ ፊደል ይታተምበታል፣ ወይም የታተመ ወረቀት አብሮት ይታመቃል።

ያልተመነዘረ ቺፕ ለቁማር ቤቱ ዕዳ ነው። ስለዚህ ቤቱ ሲዘጋ ቺፖቹ እንዲጠፉ ይደረጋል፤ የሚተርፉት ጥቂቶች ናቸው። በላስ ቬጋስ የነበረው ዱንስ ሆቴል እ.ኤ.አ. በ1993 በፈንጂ ፈረሰ፤ ስሙን የያዘው ቺፕ ግን ዛሬም በሰብሳቢዎች እጅ ይገኛል። ይልቁንም የሚያስገርመኝ የስውር ቤቶቹ ነገር ነው። ቁማር በተከለከለባቸው ከተሞች የነበሩት ሙሉ ስማቸውን አያጽፉም፤ ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ብቻ ያስታትማሉ። ከአንዳንድ ፋብሪካዎች የተረፉ የትዕዛዝ ካርዶች ከእነዚያ ፊደላት ጋር ሲመሳከሩ፣ ፖሊስ እንዳያውቀው የተደበቀው ቤት ከነአድራሻው ይታወቃል።

እንግዲህ አንዳንድ ሰብሳቢ ይህን ቺፕ ገዝቶ ፊቱን በቶርኖ ይፍቀዋል፤ የራሱን ስም የያዘ ወረቀትም ይለጥፍበታል። ጠርዙ አሮጌ፣ ፊቱ አዲስ ይሆናል፤ ቺፑም ያምራል፣ ይህን አልክድም። በጥንታዊ አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል ደበዘዘ ተብሎ በዘይት ቀለም ሲሸፈን አይታችሁ ያዘናችሁ ግን ነገሩ ይገባችኋል። ከታች የነበረው ምን እንደ ሆነ ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ ሰው መልስ የለውም።

«ከአንድ ዓይነት ሺህ ቺፕ አለ፤ የእኔ ቢፋቅ ምን ይጎዳል?» ይላሉ። ሺህ የነበረው መቶ የሚሆነው እያንዳንዱ ባለቤት እንዲህ ሲል ነው። ደግሞም በአንዳንድ አሮጌ ቺፖች ውስጥ ክብደት እንዲሰጥ እርሳስ የሚባለው መርዛም ብረት ተጨምሮበታል። ፍቀቱ የሚያስነሣው ብናኝ ቤት ውስጥ ለሚጫወቱ ሕፃናት ይተርፋል፤ ለዚህ አዲስ ፊት ማን ይከፍላል?

ስማችሁን ማስታተም ከወደዳችሁ ምንም ያልተጻፈበት አሮጌ ቺፕ ሞልቷል፤ በየሰው ቤት ለቤተሰብ ጨዋታ ይውል የነበረ ነው። በእርሱ ላይ ወርቃማ ፊደል ብታስታትሙ የሚጠፋ ታሪክ የለም። የተጻፈበት ከገጠማችሁ ግን ለብ ባለ ውኃ፣ በጥቂት ሳሙናና በለስላሳ ብሩሽ እጠቡት፤ ከማን እንደ ገዛችሁትና በላዩ ያሉትን ፊደላት በወረቀት ጽፋችሁ አብራችሁ አስቀምጡ።