ደቦው ከተበተነ በኋላ ማን ያርማል?

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 29 ቀን 2024) የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ባደረገ ማግስት፣ ደሴ የሚኖሩት አክስቴ ደወሉልኝ። ዘይት፣ ሳሙና፣ ስኳር፣ አልፎ አልፎም የልጆች ጫማ የሚሸጡባት ትንሽ ሱቅ አለቻቸው። «አንቺ በዚህ ነገር ዶክተር ነሽ ይባላል» አሉኝ፤ «ብር ተንሳፈፈ ይላሉ። መንሳፈፍ ደግሞ ሁለት ዓይነት ነው፤ ከላይ የሚቀር አለ፣ ትንሽ ቆይቶ የሚሰጥም አለ። የእኛው የትኛው ነው?»

ሳቅሁ፤ ለመመለስ ግን አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ። እስከዚያ ቀን ድረስ ተመኑን የሚያወጣውና በጥቂት በጥቂቱ የሚለውጠው ብሔራዊ ባንኩ እንደነበር፣ ከእንግዲህ ግን ባንኮች ከደንበኞቻቸው ጋር እየተደራደሩ እንደሚገዙና እንደሚሸጡ፣ የአንድ ዶላር ይፋዊ ዋጋ ከ57 ብር ገደማ ወደ 74 ብር ገደማ በአንድ ቀን የዘለለውም በዚሁ ምክንያት እንደሆነ ነገርኳቸው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አንድ ነገር ከነከነኝ። ያንን ጥያቄ በዚያ ሰሞን ሚሊዮኖች ጠይቀውታል፤ የእኔ መልስ ግን በአንድ ሰው ጆሮ ገብቶ ቀረ። ሱቁን የሚያግዛቸው ልጅ እንዲያነብላቸው የምልከው የአማርኛ ጽሑፍ ፈለግሁ። የባለሥልጣናት መግለጫ ሞልቷል፤ የተቃዋሚዎች እሮሮም እንደዚሁ። የምንዛሪ ተመን ምን እንደሆነ፣ ቀድሞ ማን ይወስነው እንደነበር፣ አሁን ማን እንደሚወስነው፣ ተመሳሳይ መንገድ የሄዱ አገሮች ምን እንዳጋጠማቸው በሰከነ አንደበት የሚያስረዳ፣ ከልብ አምኜ የምልክላቸው አንድ ገጽ ግን አላገኘሁም። በእንግሊዝኛ ቢሆን ሃያ አገኝ ነበር።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ስላልተገኘው ገጽ ነው።

የአማርኛው ውክፔዲያ ከተጀመረ ሃያ ዓመት ያህል ሆኖታል። በውስጡ ያሉት መጣጥፎች ከ15 ሺህ ብዙም አይዘሉም። የስዋሂሊው ከ80 ሺህ በላይ ነው። ካታላንኛ አሥር ሚሊዮን ያህል ተናጋሪ ያለው ቋንቋ ሲሆን፣ መጣጥፎቹ ከ700 ሺህ በላይ ናቸው። አማርኛን በአፍ መፍቻነትም ሆነ በሁለተኛ ቋንቋነት የሚናገረው ሕዝብ ከዚህ በብዙ እጥፍ ስለሚበልጥ፣ ምክንያቱ የተናጋሪ ማነስ ሊሆን አይችልም። የገንዘብ እጦትም አይደለም። ውክፔዲያን የሚያስተዳድረው የዊኪሚዲያ ፋውንዴሽን ዋና ጽሕፈት ቤቱ ሳን ፍራንሲስኮ ነው። እኔ ከምኖርበት ከፍሩትቬል የሚነሳው ባቡር በባሕረ ሰላጤው ሥር አልፎ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ እዚያ ያደርሳል። ድርጅቱ በዓመት ከ170 ሚሊዮን ዶላር በላይ ገቢ ያገኛል። ነገር ግን መጣጥፍ አይጽፍም፤ አሠራሩም አይፈቅድለትም። የሚጽፉት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ እነሱ ከሌሉ ገንዘቡ ባዶ ገጽ ከማስተናገድ አያልፍም።

ስለ ቁጥር ካነሳሁ አይቀር፣ ቁጥር እንደሚያሳስትም ልናገር። በፊሊፒንስ የሚነገረው የሰቡአኖ ቋንቋ ውክፔዲያ ስድስት ሚሊዮን ያህል መጣጥፎች አሉት፤ አብዛኞቹን የጻፋቸው ግን አንድ ስዊድናዊ የሠራው የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። እንዲህ ያለውን ብዛት ለአማርኛ አልመኝም።

ታዲያ የጎደለን ምንድን ነው? የሙያ ባልደረቦቼ የለመዱት መልስ አንድ ነው። ማንም ሳይከፍል የሚጠቀምበትን ሀብት ሁሉም ሌላው እንዲሠራው ይጠብቃል፤ ተጠቃሚው በበዛ ቁጥርም የእያንዳንዱ ሰው አስተዋጽኦ ያንሳል። የቻይንኛው ውክፔዲያ ታሪክ ግን ይህን እምነት አናግቶታል። እ.ኤ.አ. በ2005 የቻይና መንግሥት መዝገበ ዕውቀቱን በአገሩ ውስጥ ዘጋው። በታይዋን፣ በሆንግ ኮንግ፣ በሲንጋፖርና በሌሎች አገሮች የሚኖሩ ጸሐፊዎች ግን እንደ ቀድሞው መጻፍ ይችሉ ነበር፤ የነካቸው የለም። ዣንግ እና ዡ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው ባሳተሙት ጥናት እንዳሳዩት፣ እነዚህ ያልተዘጋባቸው ጸሐፊዎች አስተዋጽኦ በአማካይ በ43 በመቶ ያህል ቀነሰ። ከአጠገባቸው የተወሰደ ብዕር አልነበረም። የተወሰደባቸው አንባቢ ነው።

ይህን ጥናት መጀመሪያ ያነበብሁት ተማሪ ሳለሁ ነው፤ ያኔ ስለ ቻይና መስሎኝ ነበር። አሁን ሳነበው ስለ እኛ ነው። በኦክላንድ፣ በዋሽንግተን፣ በቶሮንቶ ያለነው እኛ በዚያ ጥናት ውስጥ የሲንጋፖሩ ጸሐፊ ነን። በአማራ ክልል ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር፤ ከዚያ በፊት በትግራይ የሆነውንም እናውቃለን። ኢንተርኔቱ ሲከፈት እንኳ የአገር ቤት አንባቢ በፌስቡክና በቴሌግራም እንጂ በውክፔዲያ ደጅ ብዙም አይታይም። አንባቢው የማይታየው ጸሐፊ ደግሞ፣ ምንም ያህል አገር ወዳድ ቢሆን፣ ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ይደክመዋል።

በዚህ ምክንያት ይመስለኛል የዲያስፖራው ምሁር ጉልበት ወደ እንግሊዝኛው መዝገብ የፈሰሰው። በጦርነቱ ዓመታት ከመካከላችን ብዙዎች «አስተካክል» የሚለውን ቁልፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተጫኑት አንድ የከተማ ስም ወይም አንድ የሟቾች ቁጥር ለመለወጥ ነበር። እኔም አንዷ ነበርሁ፤ የለወጥሁት በአሥራ አንድ ደቂቃ ውስጥ ተመለሰብኝ፤ ስመለከተው መላሹ ልክ ነበር። እንግሊዝኛው አንባቢ አለው፣ ተከራካሪ አለው፣ ዳኛም አለው። እዚያ መጻፍ የክርክር ደስታ አለው። ለዓለም ስለ እኛ እንነግራለን፤ ለእኛ ስለ ዓለም የሚነግረው ግን ማን ነው? ስለ ኢትዮጵያ የተሠራው ታላቁ ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ እንኳ፣ እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2014 በአምስት ቅጾች የወጣውና እጅግ የማከብረው ሥራ፣ በእንግሊዝኛ ነው።

ሌላው ችግር በእጃችን ያለው አማርኛ ነው። በአገራችን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ እኔ ኢኮኖሚክስን በአማርኛ ተምሬ አላውቅም። ባለፈው ዓመት ከአንዲት ነርስና ከአንድ የሶፍትዌር መሐንዲስ ጋር ሦስት ሆነን፣ በፍሩትቬል ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለው የሴሳር ቻቬዝ ቤተ መጻሕፍት ቅዳሜ ከሰዓት መገናኘት ጀመርን። ዙሪያችን ስፓንኛ ነው፤ መደርደሪያውም፣ የቤት ሥራቸውን የሚሠሩት ልጆችም። (የስፓንኛ ጸሐፊዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ማስታወቂያ ሊገባ ነው ብለው በመሥጋት ከውክፔዲያ ተገንጥለው የራሳቸውን መዝገብ መሥርተው ነበር። ውክፔዲያ ዛሬም ድረስ ማስታወቂያ እንዳይኖረው ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው። ለመጣላት እንኳ የሚበቃ ሰው ነበራቸው።) የመጀመሪያ ሥራችን ስለ ምንዛሪ ተመን አንድ አንቀጽ መጻፍ ነበር፤ ሦስት ሰዓት ፈጀብን። «ተንሳፋፊ» ብንል ነርሷ «ጀልባ ነው የሚታየኝ» አለች። የአክስቴ ጥያቄ ትዝ አለኝ። «በገበያ የሚወሰን» የሚለውን አስቀድመን፣ «ተንሳፋፊ»ን ሰው በዜና የሚሰማው ቃል ስለሆነ በሁለተኛው ዓረፍተ ነገር አስገባነው።

ይህን ስንሠራ ያልጠበቅነው ሀብት ነጋሪት ጋዜጣ ሆነ። የፌዴራሉ ነጋሪት ጋዜጣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን ይታተማል፤ ልዩነት ቢኖር የሚጸናው አማርኛው ነው። ስለ ባንክ፣ ስለ ግብር፣ ስለ ንግድ ቃል ፍለጋ ለሚባዝን ሰው፣ ሕግ አርቃቂዎች ለአሠርት ዓመታት የደከሙበት ስም እዚያ አለ። አንዳንዱ ቃል ደረቅ ነው፤ ግን ምንጭ ተጠቅሶለት ሊቆም ይችላል፤ መዝገበ ዕውቀት የሚፈልገውም ይህንኑ ነው።

እዚህ ላይ አንባቢዬ «አንድ ቀን ተሰብስበን መቶ መጣጥፍ እንጻፍ» እንደሚሉኝ እገምታለሁ። እንዲህ ያሉ የጽሕፈት ዘመቻዎችን አይቻለሁ፤ ምግቡም ደስታውም የደቦ ነው። ደቦ ለአጨዳ ግሩም ነው። ነገር ግን አማርኛችን ከእርሻና ከብራና ጋር ባንድ ያዋለው ቃል አለ፤ ማረም። አረም የሚነቀለው በደቦ ቀን ሳይሆን በየሳምንቱ ነው፤ ጽሑፍም እንደዚያው። ሐምሌ ላይ «አንድ ዶላር 74 ብር ነው» ብሎ የተጻፈ ገጽ፣ ዋጋው በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር ሲያልፍ የሚያርመው ከሌለ ሐሰተኛ ምስክር ይሆናል። ስለ ደም ግፊት መድኃኒት የተጻፈ ገጽ ቢረሳ ደግሞ ጉዳቱ ከዚህ ይከፋል።

አራሚ የሌለው ትንሽ መዝገብ ምን እንደሚገጥመው ሌሎች አይተውታል። የስኮትስ ቋንቋ ውክፔዲያ ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ መጣጥፎችን የጻፈው ቋንቋውን የማያውቅ አሜሪካዊ ወጣት እንደነበር የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው። ልጅ ሳለ በቅን ልቡና ጀምሮት ነበር፤ ለዓመታት «ይህ የእኛ ቋንቋ አይደለም» ብሎ የሚያስቆም አልተገኘም። የክሮኤሽያኛውን ደግሞ ጥቂት አስተዳዳሪዎች ለአሥር ዓመት ያህል ለራሳቸው ብሔርተኛ ትረካ አውለውት እንደነበር ፋውንዴሽኑ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው ሪፖርት ተረጋግጧል። የመጀመሪያው አደጋ ዛሬ በማሽን ትርጉም እጅግ ረክሷል፤ አንድ ሰው በአንድ ምሽት ሁለት መቶ ገጽ ሊደፋ ይችላል። የሁለተኛው ምን ሊመስል እንደሚችል ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

«ሰው ቴሌግራም ላይ ነው፤ ማን ያነበዋል?» የሚለው ተቃውሞ ክብደት አለው። መልሴ በከፊል ይህ ነው፤ የውክፔዲያ ፈቃድ ምንጩን እስከጠቀሱና በዚያው ፈቃድ እስካሰራጩ ድረስ መቅዳትን ስለሚፈቅድ፣ ጥሩ አንቀጽ ወደ ቴሌግራም ራሱ ይሄዳል። ከዚህ ሌላ በስውር የሚያነብ አንባቢ መጥቷል። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2018 ለአንድ መቶ ያህል ቋንቋዎች የሚሆን የቋንቋ ሞዴል ሲለቅ፣ ቋንቋዎቹን የመረጠው በዋናነት በውክፔዲያቸው ትልቅነት ነበር። ስዋሂሊና ዮሩባ ገቡ፤ አማርኛ አልገባም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል፤ ቢሆንም የወንድሜ ልጅ ዛሬ ጥያቄውን ለማሽን ሲያቀርብ፣ ማሽኑ የሚመልስለት ከተጻፈው ውስጥ ነው። የመዝገቡ ቃላት በገንዘብ የሚለካ ፋይዳ እንዳላቸው ደግሞ ተፈትኗል፤ ተመራማሪዎች በዕጣ በተመረጡ የስፔን ከተሞች የውክፔዲያ ገጾች ላይ ጥቂት አንቀጾችና ሥዕሎች ቢጨምሩ የሆቴል አዳሩ 9 በመቶ ያህል አደገ።

እኔ የምለው ጠባብ ነው። 15 ሺህውን 50 ሺህ ለማድረግ አንሩጥ። አርባ ገጽ እንምረጥ፤ የዋጋ ግሽበት፣ የምንዛሪ ተመን፣ የግምጃ ቤት ሰነድ፣ የስኳር በሽታ፣ የእርግዝና ደም ግፊት፣ የመሬት ይዞታ ማረጋገጫ። ለእያንዳንዱ እንደ እድር ተረኛ ይኑረው። ከተረኞቹ ቢያንስ ግማሾቹ አገር ቤት ይሁኑ። ይህን ያልሁት ለጨዋነት አይደለም፤ የቻይንኛው ጥናት እንዳሳየው አንባቢው ከጎኑ ያለ ጸሐፊ ነው የሚጸናው። የኢንተርኔት ወጪያቸውን እኛ እንሸፍን፤ ለጽሑፉ ግን አንክፈል፤ ከከፈልን የሚጻፈውን መምረጥ ያምረናል። ምስጋና ርካሽ መስሎ ቢታይም ይሠራል፤ ያና ጋሉስ በጀርመንኛው ውክፔዲያ ለአዲስ ጸሐፊዎች ከክብር በቀር ዋጋ የሌለው ሽልማት ሰጥታ ብትፈትን፣ በሥራው የቀጠሉት በ20 በመቶ ጨመሩ።

እኛ ሦስታችን እስካሁን የምንጠብቀው አራት ገጽ ብቻ ነው። የምንዛሪውን ገጽ ባለፈው ወር ለአክስቴ በስልክ አነበብሁላቸው። እስከ መጨረሻው ዝም ብለው ሰሙኝና፣ «ጥሩ ነው» አሉ፤ «ግን እኔ ዘይቱን ያኔም የምገዛው በጥቁር ገበያው ዶላር ተሰልቶ ነው ይሉኝ ነበር። እንዲያ ከሆነ ባንኩ ዋጋውን ሲለቀው ለምን እንደገና ጨመረ?» ይፋዊው ተመን 57 ብር በነበረበት ጊዜ የጥቁር ገበያው ከ100 ብር በላይ ስለነበር ጥያቄያቸው ልክ ነው፤ በይፋዊው ተመን ይገቡ የነበሩትን ሸቀጦች ከሌሎቹ ለይቶ ካልተብራራ በቀር ገጻችን አይመልሰውም። ነርሷ ንዑስ ርእሱን «ለምን እንደገና ጨመረ?» ብላ ከፍታዋለች። ቅዳሜ የእኔ ተራ ነው።