ሕፃናት ስለ ሳንቲም ሲማከሩ

በየተማሪ ቤቱ የሥዕል ሰዓት እንደ ዕረፍት የሚቈጠር ትምህርት መሆኑ የታወቀ ነው። እኛም ከዚህ አስተያየት የራቅን አልነበርንም፤ ነገር ግን በአንድ የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ቤት ያየነው ነገር አሳባችንን እንድንለውጥ አስገድዶናል።

አስተማሪው ሕፃናቱን አምስት አምስት አድርጎ ከከፈለ በኋላ ለእያንዳንዱ ቡድን በክብ የተቈረጠ ካርቶን ሰጠና፣ «ተመካክራችሁ ለአገራችሁ አዲስ ሳንቲም መልክ አውጡለት» አላቸው። አብነት እንዲሆናቸውም በ2002 ዓ. ም. የወጣውን የአንድ ብር ሳንቲም አንበሳ በሰሌዳው ላይ አሳምሮ ሣለው። ውጤቱ ምን ሆነ? ስምንት ቡድን ስምንት አንበሳ አመጣ፤ ምክክር የሚባል ነገርም አልተሰማም። በአንበሳ ፊት ማን ይከራከራል!

በማግሥቱ ሰሌዳውን ደመሰሰውና በምትኩ ሁለት ጥያቄ ጻፈ፤ ይኸውም «ሳንቲሙን የሚይዘው ማን ነው? በምንስ ይለየዋል?» የሚል ነበር። ክርክሩ የተጀመረው ያን ጊዜ ነው። አንዱ ቡና ይሁን አለ፣ ሌላው ላሊበላ፣ ሦስተኛው የእናቱን ጀበና። ክቡ ጠባብ ስለ ሆነ ሦስቱን በአንድነት ለማግባት አልተቻለም፤ አንዱን መምረጥ፣ ሌላውን መተው ግድ ሆነ። በዚህ መካከል አንዲት ልጅ፣ «አያቴ ዐይናቸው አያይም፤ እሳቸውስ በምን ይለዩታል?» ብላ ጠየቀች። ጥቂት ዝም ተባባሉ። ከዚያም መቀስ ተውሰው የካርቶኑን ጠርዝ ዙሪያውን ሸረከቱት።

ልጆቹ አላወቁትም እንጂ፣ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የነበረው የ25 ሳንቲም ጠርዝም በዚሁ ዓይነት እንደ ሞገድ የተከረከመ ነበር፤ በኪሱ ውስጥ ሳያይ በጣቱ ይለየው የነበረ ሽማግሌ ዛሬም አይጠፋም።

ሳንቲም ሕዝብ ካልተቀበለው ብረት ብቻ መሆኑን የአገራችን ታሪክ ያስረዳል። ዐፄ ምኒልክ በፓሪስ አሠርተው ያስመጡት፣ 1887 ዓ. ም. የተጻፈበት ብር በአንድ ወገን የንጉሠ ነገሥቱ፣ በሌላው ወገን የአንበሳ መልክ ያለበት እጅግ ያማረ ገንዘብ ነበር። ሆኖም ባላገሩ በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ሉሎች እየቈጠረ የማርትሬዛን ብር መቀበሉን አልተወም። የባዕዲቱን ንግሥት ከራሱ ንጉሥ ያስመረጠው ሌላ ሳይሆን መልኳን ለምዶ ማመኑ ነው። በሌላ በኩል፣ በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ገንዘብ ማሠራት የጀመሩት የአክሱም ነገሥታት በወርቁ ላይ የራሳቸውን መልክ ሲያስቀርጹ በግራና በቀኝ የእህል ዛላ አድርገውበታል። በ1969 ዓ. ም. በወጣው የአንድ ሳንቲም ላይም በሬ ጠምዶ የሚያርስ ገበሬ አለ። ቡና ይሁን ብሎ የተሟገተው ልጅ እንግዲህ ከአክሱም ነገሥታት አሳብ ብዙ አልራቀም።

«ገንዘብ በስልክ በሚተላለፍበት ዘመን ሕፃናትን ስለ ሳንቲም ማድከም ምን ይጠቅማል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ አምስት ሳንቲም ይዞ ወደ ሱቅ የሚላክ ልጅ ዛሬ የለም። እኛ ግን የምንናገረው ስለ ብረቱ አይደለም። አምስት ሰዎች ተቀምጠው በአንዲት ጠባብ ክብ ውስጥ ምን እንደሚገባ ተከራክረው መስማማት ማቃታቸው በየመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ የምናየው ችግር ነው። አለቃው አስቀድሞ አንበሳውን በሰሌዳ ላይ ከሣለ በኋላ «አሳብ ስጡ» ሲል፣ አንበሳውን ገልብጠን የምንወጣ ስንቶቻችን ነን?

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ቅር አሰኝቶናል። በመጨረሻ አስተማሪው ሥራዎቹን ደርድሮ ላሊበላን አሳምሮ ለሣለው ቡድን ሽልማት ሰጠ። ያ ሳንቲም በእጅ ሲዳሰስ ከሌላው የሚለይበት አንዳች ምልክት አልነበረውም። በሰሌዳው ላይ የጻፈውን ጥያቄ እርሱ ራሱ ረስቶታል ማለት ነው። እኛ ብንሆን ኖሮ ፈራጆቹ ሕፃናቱ ራሳቸው እንዲሆኑ፣ ዐይናቸውንም በሻሽ አስረው የአንዱን ቡድን ሳንቲም ሌላው በጣቱ እንዲለይ ባደረግን ነበር። ይህንንም ለአስተማሪው ነግረነዋል፤ እርሱም በሚመጣው ወሰነ ትምህርት እሞክረዋለሁ ብሎናል።

ልጅቱ ግን ጠርዙ የተሸረከተውን ካርቶን በደብተሯ ውስጥ አድርጋ ለአያቷ ይዛላቸው ሄደች። አያቲቱ ምን እንዳሉ አልሰማንም።