ቅጂ መሣል ነውር አይደለም



ሰሞኑን አንድ ተማሪ የታላቅ ሠዓሊን ሥራ አስመስሎ ቢሥል፣ ጓደኞቹ «ሌባ፣ የሰው ሥዕል ሰረቀ» ብለው አሳፈሩት። አባቱም «ሒሳብህን ብትሠራ አይሻልህም?» አሉት። ልጁም ሥዕሉን ቀደደው። ነገሩ ስለከነከነኝ ሐሳቤን ላካፍላችሁ ወደድሁ።

ካርቱም ስኖር ከሱቅ ዐረቢ አራት ቱቦ የዘይት ቀለም ገዛሁ። ከአሮጌ ካላንደር ላይ የቆረጥሁትን፣ ሬምብራንት የራሱን መልክ የሣለበትን ሥዕል ለመቅዳት ተነሣሁ። ጥላ ሁሉ ጥቁር ይመስለኝ ነበር። ስቀዳ ግን በጥላው ውስጥ ቀይና ቡናማ እንዳለ አስተዋልሁ። ስንት ጊዜ ያየሁትን ሥዕል በትክክል ያየሁት ያን ቀን ነው። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሣ ሱቅ ዐረቢ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ፤ ሥዕሌም እዚያው ካርቱም ቀረ። እጄ የተማረው ግን አብሮኝ ወጥቷል።

መቅዳት የሰነፍ ሥራ ነው የምትሉ ትኖሩ ይሆናል። ሩበንስ እ.ኤ.አ. በ1628 ወደ ማድሪድ ሲሄድ ዕድሜው ከሃምሳ ያለፈ ስመ ጥር ሠዓሊ ነበር፤ ሆኖም የቲሲያንን ሥዕሎች ተቀምጦ ቀዳ። ቫን ጎኽም እ.ኤ.አ. በ1889 እና በ1890 በሕሙማን ቤት ሳለ፣ ቀለም ከሌለው ኅትመት ላይ የሚሌን ገበሬዎች እያየ በራሱ ቀለም ሣላቸው። እናንተም በእጃችሁ ያለው የደበዘዘ ወረቀት ቢሆን አትናቁት።

የራሳችንንም ታሪክ እንመልከት። እሾህ የደፋውን ክርስቶስ የሚያሳየው «ኵርዓተ ርእሱ» የአውሮፓ ሠዓሊ ሥራ ነው። ነገሥታቱ ለዘመቻ ይዘውት ይወጡ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1744 ዳግማዊ አፄ ኢያሱ ስናር ላይ ሲዘምቱ ተማረከ፤ በኋላም በወርቅ ተዋጅቶ ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ1868 ግን ከእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆምስ ከመቅደላ ወሰደው፤ ወደ አገሩም አልተመለሰም። ሠዓሊዎቻችን ደጋግመው ቀድተውት ስለነበር መልኩ በቤተ ክርስቲያን ሥዕልና በብራና ላይ ቀረልን። ቅጂ ባይኖር ምን ይተርፈን ነበር?

ስርቆት የሚሆነው የሌላውን ሥራ የራስ ነው ብሎ ማሳየት ወይም መሸጥ ነው። ስለዚህ ከሥዕላችሁ ጀርባ «ከእገሌ ሥራ የተቀዳ» ብላችሁ ጻፉ፤ ስማችሁንም አክሉበት።

ወላጆች ሆይ፤ የዘይት ቀለም ውድ መሆኑ እውነት ነው። በከሰል መጀመር ይቻላል። ዋናው ሥዕል ላይና ባዶው ወረቀት ላይ እኩል ብዛት ያላቸው አራት ማዕዘኖች አስምሮ፣ እያንዳንዱን በየቦታው መገልበጥ ነው። ቀለሙ ሲገኝ ደግሞ ትዕግሥት ይጠይቃል። ቀለሙ የተለወሰበት የተልባ ዘይት እንደ ውኃ አይተንም፤ ከአየር ጋር ተዋሕዶ ስለሚጠነክር ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል። በዘይቱ የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ከተጣለ በራሱ ሊቀጣጠል ስለሚችል፣ ውኃ ባለበት ጣሳ ውስጥ ክተቱት እንጂ በድንኳን ወይም በሣር ቤት ውስጥ አትተዉት።

ለልጆቻችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለት ሰዓት ስጧቸው። ሒሳቡ አይቀርም። የተቀደደው ሥዕል አይመለስም፤ ልጁ ግን እንደገና እንዲጀምር አባቱን እለምናለሁ።

ቸር ይግጠመን።