የቡና ችግኝ በቁመቱ አይመረጥ

እንደሚታወቀው ሁሉ በሐረርጌ ቡና አብቃይ ወረዳዎች ክረምቱ ሲገባ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ችግኝ ተረክበው ለአባሎቻቸው ያድላሉ። በርክክቡ ጊዜ የሚቆጠረው ብዛቱ፣ የሚታየውም ቁመቱና የቅጠሉ ልምላሜ ነው። ሥሩን ገልጦ የሚመለከት እምብዛም የለም። ይህ አሠራር ሊለወጥ ይገባል እንላለን።

የቡና ዘር ሲበቅል አስቀድሞ የሚወጣው ሥሩ ነው። ቡቃያው ፍሬውን በራሱ ላይ ተሸክሞ ከአፈር ብቅ በሚልበት ጊዜ ዋናው ሥር ቁልቁል መውረድ ጀምሯል። የጎን ሥሮች የሚከተሉት ከዚያ በኋላ ነው። ባደገ ቡና ላይ ምግብ የሚሰበስቡት ቀጫጭን ሥሮች በብዛት የሚገኙት በላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ እርጥበት ፍለጋ እስከ 2 እና 3 ሜትር የሚወርዱት ሌሎች ናቸው። የእነዚህ ሁሉ አነሳስ የሚወሰነው ገና በችግኝ ጣቢያ ሳለ ነው።

ጉዳቱ በሁለት ጊዜ ይደርሳል። አንደኛው ቡቃያው ከመደብ ተነቅሎ ወደ ላስቲክ ሲዛወር ነው። በእንጨት የተበሳው ቀዳዳ ከሥሩ ካጠረ ሥሩ እንደ መንጠቆ ይታጠፋል፤ የታጠፈ ዋና ሥር ደግሞ ተመልሶ አይቃናም። ሁለተኛው ችግኙ በላስቲክ ውስጥ ከሚገባው በላይ ሲቆይ ነው፤ ሥሩ ታች ደርሶ መውጫ ሲያጣ እንደ ገመድ ይጠቀለላል። ከ6 እስከ 8 ጥንድ ቅጠል ያወጣ ችግኝ ለተከላ ደርሷል፤ በከባድ ጥላ ሥር ተመዝዞ የረዘመው ግን፣ ለዓይን ቢያምርም፣ ግንዱ ቀጭን ሥሩም ጥቂት ነው።

ዝናቡ ረዘም በሚልበት በምዕራቡ አገር እንዲህ ያለው ችግኝ ለጥቂት ዓመታት ሊሸፍን ይችላል። በሐረርጌ ግን በጋው አይምርም። ቅጠሉ ይገረጣል፣ ዛፉ ያዘነብላል፣ ፍሬ መያዝ በሚጀምርበት በ3ኛው ወይም በ4ኛው ዓመት ይደርቃል። ገበሬው ድርቁን ይወቅሳል፤ ቦታውንም ለጫት ይሰጣል። (ወደ ጫት የሚገፋው ዋጋው ብቻ ነው የሚሉ ወገኖች ይህን ቢያስቡበት መልካም ነው።) ባቡር ድሬዳዋ ከደረሰበት ከ1895 ዓ.ም. ወዲህ በዚች ከተማ በኩል ወደ ውጭ ሲላክ የኖረው የሐረር ቡና ማሳው የሚጠበው በዚህም መንገድ ነው።

ስለዚህ ማኅበራት ከመረከባቸው በፊት ከየመደቡ፣ ከአንድ ሺህ ችግኝ አምስት ያህሉን አንሥተው ላስቲኩን ይቅደዱ፣ አፈሩን በባልዲ ውኃ ይጠቡ፣ ሥሩን ይዩ። የታጠፈ ከበዛ መደቡን አይረከቡ። የጣቢያው ሠራተኛ አምስት ችግኝ ባከነብኝ ቢል፣ በገበሬው ማሳ አራት ዓመት የሚባክነው ይበልጣል። በተከላ ዕለትም የልማት ሠራተኛው ስለታም ቢላዋ ይያዝ፤ የላስቲኩን ታች ከተጠቀለለው ሥር ጋር አንድ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል ይቁረጥ፣ የቀረውንም ላስቲክ አውልቆ ይጣል። ከነላስቲኩ የተተከለ ችግኝ እንደተተከለ አይቆጠር።