አምስቱ ቅጠል ሰባት ሲሆን

ማርኬቲንግ ላይ የሚሠራ ሰው ዓይኑ ሎጎ አያልፍም። የወተት ላስቲክም ይሁን ባንዲራ፣ «ይሄን ማን ሣለው? ለምን እንዲህ ሆነ?» ማለቱ አይቀርም። እኔን ሰሞኑን የያዘኝ በአውስትራሊያ ኖርዘርን ቴሪቶሪ የሚባለው ሰሜናዊ ግዛት ባንዲራ ነው። ቀይ አፈር በሚመስለው መደብ ላይ አንድ ነጭ አበባ አለ፤ ሰባት ቅጠል ያለው። (ቅጠል ስል አረንጓዴውን ሳይሆን አበባውን አበባ ያሰኘውን ማለቴ ነው።) በዱር የሚበቅለው እውነተኛው አበባ ግን አምስት ቅጠል ብቻ ነው ያለው።

አበባው «የስተርት የበረሃ ጽጌረዳ» ይባላል፤ ጽጌረዳ ግን አይደለም። ቁመቱ ከአንድ እስከ ሁለት ሜትር የሚደርስ ቁጥቋጦ ሲሆን፣ ፈዘዝ ያለ ሐምራዊ አበባው መሐሉ ላይ ደማቅ ቀይ ነው። ወገኑ ጥጥ ነው፤ ያው ጋቢና ነጠላችን የሚፈተልበት ጥጥ! ባሚያም የሩቅ ዘመዱ ናት። የጥጥ ፍሬ ነፍሳትን የሚከላከልበት ጎሲፖል የሚባል መርዝ ስላለው፣ ዘይቱ ሳይጣራ ለምግብ አይሆንም። የበረሃው ቁጥቋጦ ግን ብልጥ ነው፦ መርዙን ቅጠሉ ላይ ይይዛል፣ ፍሬውን ከሞላ ጎደል ነፃ ይተወዋል። የጥጥ ተመራማሪዎች ይህንን ጠባይ ለእርሻው ጥጥ ለማውረስ ሁለቱን ለማዳቀል ሲደክሙ ኖረዋል።

ስሙን የሰጠው ቻርልስ ስተርት እንግሊዛዊ አሳሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1844 ወደ አህጉሩ መሐል ሲጓዝ፣ እዚያ ባሕር አገኛለሁ ብሎ ጀልባ አስጭኖ ነበር የሄደው። ያገኘው በረሃ ነው። በአገሩ ላይ ከአሥር ሺዎች ዓመታት በላይ የኖሩት አቦርጂኖች ዛሬም ከግዛቲቱ ነዋሪ ከሩብ በላይ ናቸው፤ አበባው ግን በመንገደኛ ስም ተጠራ። በእኔ እምነት በዚህ ሁሉ ታሪክ ውስጥ ደካማው ነገር ይሄ ነው።

በ1961 ቁጥቋጦው የግዛቲቱ መለያ አበባ ሆኖ ተመረጠ። ምርጫው ለባለሙያ ዓይን ደፋር ነው። ዋና ከተማዋ ዳርዊን ሞቃታማና ዝናባማ በሆነው የሰሜን ባሕር ዳርቻ ላይ ስትሆን፣ አበባው ግን የሚበቅለው በደረቁ ደቡብ፣ በአሊስ ስፕሪንግስ ዙሪያ በድንጋያማ ተዳፋትና በደረቁ ወንዞች ዳር ነው። ዋናው መሥሪያ ቤት ያለበት ሰፈር የማያበቅለውን አበባ ለድርጅቱ ሎጎ እንደ መምረጥ ማለት ነው።

ወደ ሰባቱ ቅጠል እንመለስ። ባንዲራው መጀመሪያ የተሰቀለው ግዛቲቱ ራሷን ማስተዳደር በጀመረችበት ዕለት፣ ሐምሌ 1 ቀን 1978 (በእነሱ አቆጣጠር) ነው። ንድፉን የሠራው ሮበርት ኢንግፐን ሲሆን፣ በ1986 ለሕፃናት መጻሕፍት ሥዕሎቹ የሃንስ ክርስቲያን አንደርሰንን ሽልማት ያገኘ ሠዓሊ ነው። እንቁጣጣሽ ሲመጣ ልጆች ሥለው በሚያመጡልን አደይ አበባ ላይ ስንት ቅጠል እንዳለ ቆጥረን እናውቃለን? አንቆጥርም። እዚያ ግን ቁጥሩ ሆን ተብሎ ነው የተጨመረው፦ ስድስቱ የአውስትራሊያ ክፍለ ግዛቶች ናቸው፣ ሰባተኛው ራሷ ኖርዘርን ቴሪቶሪ ናት። ከሌሎቹ እኩል ተደርጋ ተሥላለች።

በሕግ ግን እኩል አይደለችም። ስድስቱ እያንዳንዳቸው 12 ሴናተር ሲኖራቸው እሷ ያላት ሁለት ነው። ሕግ ብታወጣ የፌዴራሉ ፓርላማ ሊሽርባት ይችላል፤ ሽሮባትም ያውቃል። በ1998 ነዋሪዎቿ «እንደ ሌሎቹ ክፍለ ግዛት እንሁን ወይ?» ተብለው በሕዝበ ውሳኔ ተጠየቁ። በጠባብ ልዩነት «አይሆንም» አሉ። የእኔ ደንበኞች ቢሆኑ በማግስቱ ደውለው «እንግዲህ ሎጎውን እንቀይረው» ይሉኝ ነበር። እነሱ አንዲት ቅጠል አልቀነሱም።