ጎልድ ዊንግ ሲከሳ ሂሳቡን ማን ከፈለ?

አንድ ሞተር ሳይክል 150 ሊትር ገደማ ዕቃ ይይዝ ነበር። በ2018 ሞዴሉ ታድሶ ሲመጣ የሚይዘው 110 ሊትር ብቻ ሆነ (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ኩባንያው ቀለል ማለቱን እንደ ትልቅ እመርታ አቀረበው። የሞተር ሳይክል ጋዜጠኞችም በአብዛኛው አጨበጨቡለት። ከትዳር ጓደኛቸው ጋር በዚሁ ሞተር አገር ለአገር ሲዞሩ የኖሩ ሰዎች ግን ሻንጣውን ከፍተው ሲያዩ ሌላ ጥያቄ መጣባቸው፤ የሁለተኛው ሰው ዕቃ የት ሊገባ ነው?

የሚወራው ስለ ሆንዳ ጎልድ ዊንግ ነው። ሞተር ሳይክል ሲባል ምግብ አመላላሹን ለሚያስብ አንባቢ ትንሽ ማብራራት ያስፈልጋል። ይህ ሞተር ለረጅም ጉዞ ተብሎ የተሠራ ነው። ኢንጂኑ ከ1800 ሲሲ በላይ ነው፤ በአዲስ አበባ መንገዶች የሞላችው ቪትዝ አብዛኛውን ጊዜ 1000 ወይም 1300 ሲሲ ናት። ስድስት ሲሊንደር አለው፤ ሦስቱ በግራ፣ ሦስቱ በቀኝ ተኝተዋል። ጉልበቱ ወደ ኋላ ጎማ የሚደርሰው በካቴና ሳይሆን በካርዳን ነው። ከክብደቱ የተነሳ ሰው ገፍቶ ወደ ኋላ ስለማይመልሰው የኋላ ማርሽ ተሠርቶለታል። ከነጂው ጀርባ ያለው መቀመጫ ደግሞ ሳሎን ውስጥ ካለ ሶፋ ብዙ አይተናነስም። በአጭሩ ለሁለት ሰው የተሠራ ዕቃ ነው።

አሮጌው የሚባለው በ2001 መጥቶ እስከ 2017 የቆየው ነው። በእነዚህ ዓመታት መልኩ ቢነካካም አጥንቱ አልተለወጠም፤ ያው 1832 ሲሲ ኢንጂን፣ ያው የአሉሚኒየም ፍሬም፣ 25 ሊትር ነዳጅ። ነዳጁ ሲሞላ ከ400 ኪሎ በላይ ይመዝናል። በ2006 ሞዴሉ ኤርባግ እንደ አማራጭ ቀረበለት፤ ለገበያ በወጣ ሞተር ሳይክል ላይ ኤርባግ ሲገጠም ያ የመጀመሪያው ነበር።

ለአዲሱም ፍትሐዊ መሆን ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በብዙ ነገሩ በእርግጥ የተሻለ ነው። 40 ኪሎ ገደማ ቀንሷል። ግማሽ ኩንታል ጤፍ ከወፍጮ ቤት ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው ይህ ስንት እንደሆነ አይጠፋውም። ሞተሩ ቆሞ ማዘንበል ሲጀምር በአንድ እግሩ ደግፎ ለሚያቆመው የስድሳ አምስት ዓመት ሰው፣ 40 ኪሎ መንዳት በመቀጠልና ሞተሩን በመሸጥ መካከል ያለ ልዩነት ሊሆን ይችላል። ሰባት ማርሽ ያለው አውቶማቲክም አብሮ መጥቷል። ፍሪሲዮን የመጨበጥ ጣጣ የለበትም፤ በአንድ ቁልፍ ቀስ እያለ ወደ ፊትም ወደ ኋላም ይሄዳል። ጣቶቹን ቁርጥማት ለያዘው ነጂ ይህ ቅንጦት አይደለም።

የፊት እግሩም ተቀይሯል። በአሮጌው ላይ ጎማውን ግራና ቀኝ የያዙት ሁለት ቱቦዎች መሪውንም ሞላውንም በአንድነት ይሸከማሉ። ስለዚህ ጎማው ጉድጓድ ሲመታ ንዝረቱ ወደ እጅ ይወጣል። አዲሱ ላይ እንደ መኪና ሞላው ለብቻው፣ መሪው ለብቻው ሆነዋል። ሐሳቡ የሆንዳ ፈጠራ አይደለም፤ ኖርማን ሆሳክ የተባለ መሐንዲስ ከዓመታት በፊት የሠራው ነው፣ ቢኤምደብልዩም በ2004 በኬ1200ኤስ ላይ ተጠቅሞበታል። ቢሆንም በዚህ መጠን ባለው ሞተር ላይ በደንብ ሠርቷል። የነዳጁ ታንክ ወደ 21 ሊትር ቢወርድም ፍጆታው ስለቀነሰ በአንድ ሙሌት የሚኬደው መንገድ ያን ያህል አላጠረም።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም የነጂው ትርፍ ነው። ከኋላ የሚቀመጠው ሰው ምን አገኘ? ብዙ አላገኘም፤ ይልቁንም ተቀነሰበት። የጀርባ መደገፊያው ቀጥ አለ። የላይኛው ሻንጣ ወደ 50 ሊትር፣ የጎኖቹ ደግሞ ወደ 30፣ 30 ሊትር ወረዱ። አሮጌው ሁለት ትልልቅ ሄልሜት ያለ ጭንቀት ይውጥ ነበር። በአዲሱ ላይ ግን ሄልሜቶቹን እያገላበጡ መሞከር መጣ።

እዚህ ላይ "ክብደት ለመቀነስ ግድ ነበር" የሚል መልስ ይሰማል። መልሱ ግን አያሳምንም። ባዶ ቦታ ክብደት የለውም። 40 ሊትር ተጨማሪ ቦታ ማለት ትንሽ ሰፋ ያለ የፕላስቲክ ሳጥን ማለት ነው፤ የሚጨምረው ጥቂት ኪሎ ነው። ዋናው ክብደት የተቀነሰው ከኢንጂኑ፣ ከፍሬሙና ከሌላው ብረት ነው። ሻንጣው የጠበበው በአብዛኛው ለመልክ ነው፤ ሞተሩ ከጀርባው ሲታይ ቀጠን እንዲል፣ "የሽማግሌ ሞተር" የሚለው ስም እንዲላቀቀው።

ወጣት ደንበኛ መፈለግ በራሱ ነውር የለውም። በአሜሪካ የሞተር ሳይክል ኢንዱስትሪ ምክር ቤት በ2018 ባወጣው ጥናት የባለሞተሮች አማካይ ዕድሜ 50 ደርሶ ነበር። ገበያው አብሮ እያረጀ ያለ ኩባንያ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ነገር ግን ሆንዳ ለዚህ መልስ ቀድሞም ነበረው። በ2013 ከጎልድ ዊንግ ላይ የላይኛውን ሻንጣ አንስቶ፣ መስታወቱን አሳጥሮ፣ ኤፍ6ቢ ብሎ ሸጧል። በ2018ም የላይኛው ሻንጣ የሌለውና የላይኛው ሻንጣ ያለው ተብሎ በሁለት ዓይነት ነው የወጣው። ቀጭኑን የፈለገ ቀጭኑን ይግዛ፤ መልካም። ለጥንዶች ተብሎ፣ ከፍ ባለ ዋጋ የሚሸጠው ለምን አብሮ ከሳ?

ጎልድ ዊንግ የረጅም ጉዞ ሞተር የሆነው በባለቤቶቹ ግፊት መሆኑ ሲታሰብ ነገሩ ይበልጥ ይገርማል። በ1974 በጀርመን ኮሎኝ ትርኢት ላይ ሲታይ፣ በቀጣዩ ዓመትም ለገበያ ሲቀርብ፣ የንፋስ መከላከያም ሻንጣም አልነበረውም። 999 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ ራቁቱን የቆመ ፈጣን ሞተር ነበር። መከላከያ ከሌላ አምራች እየገዙ፣ ሻንጣ እያስገጠሙ፣ ሚስትና ባላቸውን ከኋላ አስቀምጠው ሩቅ መንገድ የጀመሩት ገዢዎቹ ናቸው። ሆንዳ ይህን አይቶ በ1980 መከላከያውንና ሻንጣውን በፋብሪካ የገጠመለትን ኢንተርስቴት አወጣ። በ1988 ደግሞ ስድስት ሲሊንደሩ ከነኋላ ማርሹ መጣ። በየእድሳቱ እየሰፋ የሄደው ከኋላ ያለውን ሰው እያሰበ ነበር።

ቅሬታው ሰሚ አላጣም። በ2021 የላይኛው ሻንጣ ከ50 ወደ 61 ሊትር አደገ፤ ሁለቱ ሄልሜቶች ተመልሰው ገቡ። የጀርባ መደገፊያውም ወደ ኋላ ጋደል ብሎ ወፈረ። በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ማስተካከያ የሚደረገው መጀመሪያ ስህተት ሲኖር ነው፤ ኩባንያው በቃል ባይለውም በሥራው ብሎታል። የጎኖቹ ሻንጣዎች ግን አሁንም እንደጠበቡ ናቸው፤ ጠቅላላው 121 ሊትር ነው። በ2025 ሃምሳኛ ዓመቱ ሲከበርም የስልክ ግንኙነቱ ያለ ገመድ ሆነ እንጂ ሻንጣው አልሰፋም።

ታዲያ ዛሬ ሁለቱን አቁሞ የሚያማርጥ ሰው የትኛውን ይያዝ? ብቻውን የሚነዳ ከሆነ አያመንታ፤ አዲሱ ይሻለዋል። ጉልበቱ እየደከመ ላለ ነጂም እንዲሁ። ሁለት ሆነው ለሳምንታት ለሚወጡ ግን አሮጌው ዛሬም የሚናቅ አይደለም፤ መካኒኮች አብጠርጥረው ያውቁታል፣ ዋጋውም ወርዷል። ብቻ በፍሬኑ ምክንያት፣ የአንዳንዶቹ ዓመታት ደግሞ በኤርባጉ ምክንያት ለጥገና የተጠሩ ስለሆኑ፣ ጥገናው መደረጉን የሚያሳይ ወረቀት ሳያዩ ገንዘብ መክፈል የለም። አዲሱን የመረጡ ጥንዶች ከ2018 እስከ 2020 ያለውን አልፈው የ2021ን ወይም ከዚያ ወዲህ ያለውን ይፈልጉ። ሻጩ ዘንድ ሲሄዱም ሁለቱንም ሄልሜት ይዘው ይሂዱ፤ ሻንጣው ውስጥ ከትተው ክዳኑን ይዝጉት። ከኋላ የሚቀመጠውም ሰው ዋጋ ከመነጋገር በፊት ወጥቶ ግማሽ ሰዓት ይቀመጥበት።